አዲስ ክለብ ወይም የዩኒቨርሲቲ ቡድን ለገባችሁ ሯጮች፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ያለ ጉዳት ለማለፍ

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ እዚህ ዘነበወርቅ፣ አየር ጤና እና ጦር ኃይሎች አካባቢ ቤት ተከራይታችሁ ለክለብ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ቡድን ረጅም ርቀት መሮጥ ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው። ሯጭ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላችሁም አንብቡት።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ታሪክ ይህን ይመስላል። ከክፍለ ሀገር የመጣ የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ማጣሪያውን አልፎ ቡድን ይገባል። በወረዳው አንደኛ ነበር፣ እዚህ ግን ከኋላ ነው የሚሮጠው። ከነባሮቹ እኩል ለመሆን በእረፍት ቀኑም ተደብቆ ይሮጣል። በሁለተኛው ወር ቅልጥሙን ማመም ይጀምረዋል። «ከተናገርኩ ያስቀሩኛል» ብሎ ማስታገሻ እየዋጠ ይቀጥላል። ሐኪም ጋ ሲደርስ አጥንቱ ተሰንጥቋል፣ የዓመቱ ውድድርም አምልጦታል። ይህ እንዳይደርስባችሁ የሚከተሉትን እንይ።

👉 1. ትንፋሽ ቶሎ ይሻሻላል፣ አጥንት ይዘገያል

ልምምድ ስትጨምሩ ልብና ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ የተጎዳውን ክፍል ያነሳል፣ ከዚያ በቦታው አዲስ ይሠራል። አዲሱ ሳይጠነክር ጫናው ከተደጋገመ ስንጥቅ ይፈጠራል። ስለዚህ «ትንፋሼ አልከበደኝም፣ ልጨምር» የሚለው ሐሳብ ያሳስታል።

✔️ ከመግባታችሁ በፊት በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ትሮጡ እንደነበር ለአሰልጣኛችሁ እውነቱን ንገሩ።
✔️ ርቀትንና ፍጥነትን በአንድ ሳምንት አብራችሁ አትጨምሩ።
✔️ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቀለል ያለ ሳምንት ይኑራችሁ።
✔️ «ቀላል ሩጫ» ሲባል በእርግጥ ቀላል ይሁን። አብሯችሁ ከሚሮጠው ልጅ ጋር እያወራችሁ መሮጥ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።
✔️ እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ ካሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ከመጣችሁ ተጨማሪ ትዕግሥት ያስፈልጋችኋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ቦታ አለ። የመጀመሪያዎቹን 2 እና 3 ሳምንታት ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

👉 2. የትኛው ሕመም ነው የሚያሰጋው?

ከከባድ ልምምድ በኋላ ሁለቱም እግሮች በሰፊው ዝልፍልፍ ካሉና በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ከተዋቸው ብዙ ጊዜ የጡንቻ ድካም ነው። የሚከተሉት ግን የአጥንት ስንጥቅ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፦

❗ በአንድ ጣት መጠቆም የምትችሉት፣ ሲነካ የሚያም ቦታ
❗ በሮጣችሁ ቁጥር እየባሰ የሚሄድ ሕመም
❗ ስትራመዱ ወይም ማታ ተኝታችሁም የማይለቅ ሕመም
❗ ብሽሽት ወይም ዳሌ አካባቢ ስትረግጡ የሚሰማ ሕመም (ይህ በተለይ አይናቅ)

እነዚህ ካሉ ሩጫ አቁማችሁ ታዩ። ራጅ ተነስታችሁ «ምንም የለም» ብትባሉም ሕመሙ ካልለቀቀ ተመለሱ። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሳምንታት ስንጥቁ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ኤምአርአይ ግን ቀድሞ ያሳያል። በጊዜ የተያዘ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት እረፍት ይድናል። ተደብቆ የተሮጠበት ግን ሙሉ ስብራት ሊሆን ይችላል።

ማቋረጥ ሽንፈት ለሚመስላችሁ፦ ሮምና ቶኪዮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጧል። ወርቁን የወሰደው የቡድን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነው። አበበ ስላቋረጠ ማንም ሰነፍ አላለውም።

👉 3. ምግብ

ከልምምድ መልስ ሻይ በዳቦ ብቻ አይበቃም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ኃይል ሰጪና ገንቢ ምግብ ውሰዱ። በሶ፣ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ለውዝ ሁሉም ጥሩ ናቸው፣ ውድ ዱቄት መግዛት ግዴታ አይደለም።

ብረት (አይረን) ለሯጭ ወሳኝ ነው። በምስርና በሽሮ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ሎሚ፣ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ጨምሩበት። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚያስቀሩ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቋቸው። ያለምክንያት ድካም ከበዛባችሁና ሰዓታችሁ ከወረደ የደም መጠንና ፌሪቲን ተመርመሩ። ሳትመረመሩ የብረት ክኒን አትጀምሩ፣ ሲበዛም ይጎዳል።

ጾም የምትጾሙ፣ ከባዱ ልምምድ ምግብ ከምትበሉበት ሰዓት ጋር እንዲቀራረብ ከአሰልጣኛችሁ ጋር ተነጋገሩ። ካስፈለገም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ረመዳን ላይም ቀለል ያለውን ከኢፍጣር በፊት፣ ከባዱን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይሻላል።

👉 4. ለሴት ሯጮች

የወር አበባ መቅረት «የጥሩ ልምምድ ምልክት» አይደለም። ለ3 ወር ከቀረ (እርግዝና ከሌለ) ብዙ ጊዜ የምትበሉት ከምትሮጡት ጋር አልተመጣጠነም ማለት ነው። ሆርሞኑ ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል፣ ስንጥቅም ይከተላል። አሰልጣኙን ማፈር ያለ ነው፤ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ።

👉 5. መድኃኒትና መርፌ

ሕመም ይዛችሁ ለመሮጥ ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትዋጡ። ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ ጉዳቱን አያድነውም። ውሃ በጎደለበት ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትንና ጨጓራን ይጎዳል።

ሰፈር ውስጥ «ድካም ያጠፋል» ተብሎ ግሉኮስ መተከልም ተለምዷል። በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ሕግ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ለሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ ክልክል ነው። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ መርፌዎችም በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው። ሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ፣ «ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ» አያድንም። ስትታከሙ «አትሌት ነኝ» ማለትን ልማድ አድርጉ። ከተጠራጠራችሁ የኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለስልጣንን ጠይቁ።

👉 6. እንቅልፍ፣ አየርና መንገድ

ሌሊት 11 ሰዓት ለልምምድ የሚነሳ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ዘግቶ መተኛት አለበት። 8 ሰዓት ያህል እንቅልፍ የልምምዱ አካል ነው።

ከዘነበወርቅ እስከ አየር ጤና ባለው አስፋልት መኪና ሲበዛ አትሩጡ፣ ጭሱን በረጅሙ እየሳባችሁ ነው የምትሮጡት። ቆሼ አካባቢ ጭስና አቧራ ባለበት ቀንም እንዲሁ። ቀላል ሩጫችሁን በተቻለ መጠን አፈር ወይም ሣር ላይ አድርጉት። ሶሉ ያለቀ ጫማም ቀይሩ።

👉 7. ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

🚨 እየሮጡ ራስን መሳት
🚨 ስትሮጡ የሚመጣ የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ የልብ ምት
🚨 ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው መኖር
🚨 በልጅነት በጉሮሮ ሕመምና በመገጣጠሚያ እብጠት (ሩማቲክ) መታመም

የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ወጣቶች ላይ የሚታይ ነው። ከነዚህ አንዱ ካለባችሁ ልብ ሳትታዩ ልምምድ አትቀጥሉ። ሌሎቻችሁም ቡድን ስትገቡ አንድ ጊዜ ጠቅላላ ምርመራ አድርጉ።

በመጀመሪያው ዓመት አሰልጣኝ ከእናንተ የሚፈልገው ሪከርድ ሳይሆን ሳይጎዱ ልምምዱን መጨረስ ነው። ሲያማችሁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። 3 ቀን ማረፍ 3 ወር ከመቅረት ይሻላል።

ይህ ጽሑፍ ምርመራን አይተካም። ለሯጭ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።