ከ45 እስከ 814

ጋሼ የውኃ ምሕንድስና ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ወደ ትውልድ ከተማቸው ዳንግላ የተመለሱ መምህር ናቸው። ጠያቂዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ፕሮፖዛል አስገቡ ተብለናል። ርዕሴን አንዴ ቢያዩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።

ጋሼ፦ እስቲ በይ።

ጠያቂ፦ «በዳንግላ ወረዳ የአነስተኛ መስኖ ተጠቃሚነትን የሚወስኑ ምክንያቶች»። መጠይቁን ጨርሻለሁ። 384 አባወራ ነው የምጠይቀው።

ጋሼ፦ አይ 384! ስንት ዲፌንስ ላይ ተቀምጬ ይቺን ቁጥር ሰማኋት። ከየት እንደመጣች ታውቂያለሽ?

ጠያቂ፦ ከናሙና ቀመሩ ነዋ።

ጋሼ፦ ቀመሩ ዝም ብሎ አይሰጥሽም፤ ቃል ያስገባሻል። ግማሹ ይጠቀማል፣ ግማሹ አይጠቀምም ብዬ ልነሳ፤ ሰዎቹን በዕጣ ልምረጥ፤ 95 በመቶ እርግጠኛ ልሁንና አምስት በመቶ ስህተት ይፈቀድልኝ ስትዪ ነው 384 የሚወጣው። አንቺ ደግሞ በዕጣ አትመርጪም፤ የግብርና ልማት ሠራተኛው (ዲኤው) ጠርቶ የሰበሰበልሽን ሰው ነው የምትጠይቂው። ታዲያ ቃሉ ከፈረሰ አምስት በመቶው ምን ላይ ቆመ?

ጠያቂ፦ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው እኮ። ጊዜውም ገንዘቡም አይበቃም።

ጋሼ፦ እሱማ እውነት ነው፣ አልፈርድብሽም። ግን የወረዳውን ስም ቀይረሽ ብታነቢው ልዩነቱ የማይታወቅ ጥናት ለማን ይጠቅማል? ለጊዜው ርዕሱን ተዪውና ልጠይቅሽ። ዳንግላ በዓመት ስንት ይዘንባል?

ጠያቂ፦ ወደ 1500 ሚሊ ሜትር። ከአሥር ዘጠኙ እጅ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው።

ጋሼ፦ ጎሽ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሰርጎ የጉድጓድ ውኃ ይሆናል?

ጠያቂ፦ እ… ሃያ በመቶ?

ጋሼ፦ ግምትሽ ክፉ አይደለም፤ ግን ግምት ነው። እዚሁ ወረዳ፣ ዳንግሽታ ቀበሌ ላይ፣ ዴቪድ ዎከር የሚባል የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ነበር። በአንድ ዘዴ አስልተው አላቆሙም። ዘጠኝ ዘዴ፣ ከነዝርያቸው 17፣ ሁሉንም በአንዱ መሬት ላይ ሞከሩ። ምን ወጣ መሰለሽ? ከሁሉ ያነሰው በዓመት 45 ሚሊ ሜትር አለ፤ ከሁሉ የበዛው 814።

ጠያቂ፦ እንዴት ሆኖ? አንድ መሬት አይደል?

ጋሼ፦ አንድ መሬት ነው። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

ጠያቂ፦ እውነቱን ልንገርዎት? አማካዩን ወስጄ እጽፍ ነበር።

ጋሼ፦ አንዳንዱ ደግሞ የለመደውን አንድ ዘዴ ይዞ «337.62» ብሎ ይጽፋል። ሁለት አኃዝ ከነጥብ ወዲያ! እነዚያ ግን እያንዳንዱ ዘዴ የሚለካው ምኑን እንደሆነ ቁጭ ብለው መረመሩ። አንዱ እውነትም ወደ ከርሰ ምድር የደረሰውን ውኃ ይሰጣል። አንዱ ሊደርስ ይችል የነበረውን ነው የሚሰጠው። አንዱ «ቢያንስ ይህን ያህል» ብሎ ወለሉን ብቻ ያሳያል። ሌላው የክምችቱን ለውጥ ነው የሚነግርሽ። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው የተደበላለቁት። ይህን ከለዩ በኋላ በትክክል የሚሰርገውን ከ280 እስከ 430 ወዳለው አጠበቡት። በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ፈልገሽ አንብቢው።

ጠያቂ፦ ይሄም እኮ ሰፊ ነው፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ሰፊ ነው፤ ግን ለምን እንደሰፋ ይነግሩሻል። መስኖ የሚያቅድ ሰው ጥንቃቄ ቢሻ 280ውን ይዞ ይነሳል። 337.62 ብሎ የጻፈው ልጅ ግን ስንት ሊስት እንደሚችል አልተናገረም፤ ምናልባት አያውቅም። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠው ለዚህ ዕውቀት ነው። ቁጥር ማውጣቱንማ ኮምፒውተሩም ያወጣል።

ጠያቂ፦ ዳታውን ከየት አገኙት? እኔ ከሳተላይት ላወርድ ነበር ያሰብኩት።

ጋሼ፦ ሳተላይቱን አልንቅም። ግን ተማሪ ሲያወርድ የኖረው የዝናብ ዳታ አንዳንዱ የሩብ ዲግሪ ካሬ ነው፤ በእኛ አገር በየጎኑ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለዚያ ሁሉ መሬት አንድ ቁጥር! የሚያዝያ ዝናብ ደግሞ ወንዝ ማዶውን አጨቅይቶ ወዲህ ጠብ ሳይል ሲቀር አይተሽ የለ? ዳንግሽታ ላይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የለኩት የቀበሌው ሰዎች ናቸው። ዝናቡን በየጠዋቱ፣ ወንዙን ከተተከለው ሜትር ላይ ጠዋትና ማታ፣ ጉድጓዶቹን በየሁለት ቀኑ እያነበቡ በደብተር ይጽፉ ነበር።

ጠያቂ፦ ገበሬ የለካውን ዳታ ፈታኞቹ ይቀበሉኛል?

ጋሼ፦ እንዴት እንደፈተሽሽው ካሳየሽ ይቀበሉሻል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የእነ ዎከር ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ስለዚሁ ነው፤ የሰዎቹን ንባብ ከሜትዎሮሎጂ ጣቢያውና ከሳተላይቱ ጎን አስቀምጠው መዘኑት፣ አላሳፈረም። ፈተሻው እንዲህ ነው፦ አንድ ቀን ጠዋት 120 ሚሊ ሜትር ተጽፎ ጎረቤት መለኪያው 11 ካለ፣ ነጥቧ ጠፍታ 12.0 የነበረው ነው ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ። ጥር ላይ፣ ጠብታ ሳይዘንብ፣ አንዱ ጉድጓድ ልክ አንድ ሜትር ከፍ ካለና ሌሎቹ ዝም ካሉ፣ ውኃው አልጨመረም፤ አንባቢው የሜትሩን ቁጥር ዘሏል። አጥፊውና እርሺው አልልሽም። ከጎኑ ምክንያቱን ጻፊ፣ የመጀመሪያውንም ንባብ አኑሪው።

ጠያቂ፦ አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ለምንድነው ሁሌ የውጭ ሰው መጥቶ የሚለካን?

ጋሼ፦ ልክ ነሽ፣ አዲስም አይደለም። ሻለቃ ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እዚሁ ዳንግላ ነበር የተቀመጠው። ጣናንና ዓባይን ዞሮ ካርታ አነሳ፣ በ1936 መጽሐፉን አሳተመ፤ ዳንግላ ግን መጽሐፉን መቼ አየችው? የአሁኖቹ እንኳ ይሻላሉ፤ የባሕር ዳር ተማሪዎችና መምህራንም አብረው ሠርተዋል። ቴዎድሮስ አሰፋና ባልደረቦቹ ዳንግሽታ ላይ ጉዝጓዝ ያለበትን እርሻ ከጠብታ መስኖ ጋር አጣምረው ሞክረዋል፤ ውኃ ተቆጠበ፣ ምርቱ ጨመረ። እዚህ ላይ ግን የእኔ ጥያቄ አለኝ፦ ለጉዝጓዝ የሚሆነውን ሣር ላሟ ትፈልገዋለች። ለሞካሪ ማሳ የተገኘው ሣር ለመንደሩ ሁሉ ይገኛል ወይ? ይኸው አንድ ቴሲስ።

ጠያቂ፦ እኛ የምናስበው እንደ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ትልቅ ነገር ማግኘት ነው።

ጋሼ፦ አክሊሉም የጀመረው ከወንዝ ዳር ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እንዶድን ሴቶቹ ከእሱ በፊት ያውቁታል፤ የቢልሃርዝያ በሽታ በቀንድ አውጣ በኩል እንደሚተላለፍ ግን እሱ ያውቅ ነበር። ማየቱ የአንድ አፍታ ነገር ነው። የሚገድለው ምኑ ነው፣ በምን መጠን፣ ሰውንና ዓሣንስ ይጎዳል ወይ የሚለው ዓመታት ፈጀ። ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው፤ 25 ዓመት ቆጥሪ።

ጠያቂ፦ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች አንዷ መካኒካል፣ አንዷ ዲዛይን ናቸው። እነሱም ርዕስ አጥተዋል።

ጋሼ፦ ይምጡና ያንኑ ጉድጓድ ይዩ። መካኒካሏ የገመድ ፓምፑን ትያዝ፤ በገመዱ ላይ የተሰኩት የጎማ ክቦች ለቧንቧው ከጠበቡ ክንድ ይሰብራሉ፣ ከሰፉ ውኃው ተመልሶ ይወርዳል። ስንት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይሻላል፣ ጎማው ሲያልቅስ? ዲዛይን የምትማረው ደግሞ እጀታውን ማን እንደሚያዞረው ትይ። እናት ከሆነች፣ ልጅ አዝላ ከሆነ፣ ቁመቱ ለማን ተለክቶ ነው የተሠራው? ስንት ደቂቃ አዙራ ታርፋለች? ሰዓት ይዛ ትቁጠር። «ይመቻል ወይ?» ብላ ከጠየቀችማ «ይመቻል» ነው የሚሏት፤ እንግዳን ማን ያስከፋል።

ጠያቂ፦ እሺ፣ እኔ የጉድጓዱን ውኃ ልያዝ። ችግሩ ፕሮፖዛሉ እስኪጸድቅ ሰኔ ይደርሳል።

ጋሼ፦ ያን ጊዜ ዓመቱ አመለጠሽ። ውኃው ዝቅ የሚለው በበጋው መጨረሻ ነው፤ ስሌቱ የሚነሳው ከዚያ ነው። ውኃው አምስት ሜትር ከፍ አለ እንበል፤ አፈሩ ከመቶ ስድስት እጅ ውኃ የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍተት ካለው የሰረገው 300 ሚሊ ሜትር ነው። መነሻውን በአንድ ሜትር ከሳትሽ 60 ሚሊ ሜትር ጠፋ። ስድስቱ አራት ሆኖ ቢገኝ ደግሞ 300ው 200 ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ አፈሩንም ላብራቶሪ ውሰጂ። ኮሚቴውን አትጠብቂ፤ ከመጋቢት ጀምሪ።

ጠያቂ፦ መለኪያው ውድ ነው አሉኝ።

ጋሼ፦ ውኃ ሲነካ የሚጮኸው ነው ውዱ። አንቺ የግንበኛ ረጅም ሜትር ግዢና ጫፉ ላይ ታቹ ጎድጎድ ያለ አጭር የብረት ቧንቧ እሰሪበት፤ ውኃውን ሲመታ ድምፁ ይሰማሻል። ከቧንቧው አፍ እስከ ሜትሩ ዜሮ ያለውን ርዝመት መደመር አትርሺ። ጉድጓዱ አፍ ላይ በቀለም ምልክት አድርጊ፣ ሁልጊዜ ከዚያች ምልክት ለኪ፤ ባለቤቲቱ ባልዲ ሳትጥል፣ በማለዳ። ሁለቴ አንብቢ፤ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ሦስተኛ ድገሚ።

ጠያቂ፦ መጠይቁንስ ልጣለው?

ጋሼ፦ ለምን ትጥይዋለሽ? ከ384 ወደ አሥራ ሁለት አውርጂው፤ የምትለኪያቸው ጉድጓዶች ባለቤቶች። ጉድጓዱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቆፈረ፣ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ፣ ስንቴ ጠልቆ እንደተቆፈረ ጠይቂያቸው። አውግኛ የምትችል ሰው አብራሽ ትኑር፤ አንዳንዶቹ እናቶች በእሱ ነው የሚያጫውቱሽ።