የአባቴን ወረቀቶች ለማን ልስጥ?

ጥያቄ፦ አባቴ ደራሲ ነበሩ። ካረፉ በኋላ ረቂቆቻቸው፣ ደብዳቤዎቻቸውና የቤተሰብ ፎቶግራፎች በሁለት ሣጥን ቀርተውናል። ለቤተ መዛግብት ልንሰጥ አስበናል፤ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ከሁሉ በፊት፣ እባክዎ ወረቀቶቹን እንደገና ለመደርደር አይቸኩሉ። አባትዎ ያስቀመጡበት ቅደም ተከተል ራሱ ማስረጃ ነው፤ የትኛው ደብዳቤ ከየትኛው ረቂቅ ጋር እንደሚሄድ ለአጥኚው የሚነግረው እሱ ነው። ስርዝ ድልዝ የበዛበትንም ረቂቅ “መጽሐፉ ታትሟል” ብለው አይጣሉ፤ የደራሲው እጅና ሐሳብ የሚታየው እዚያ ነው። የዛገ ስፒልና አግራፍ በጥንቃቄ ያውጡ። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፣ ላሚኔትም አያስደርጉ። በፎቶግራፎቹ ጀርባ የሰዎቹን ስም ሳይጫኑ በእርሳስ ይጻፉ፤ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ሳሉ ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን ወይም ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያነጋግሩ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። ወረቀቱን መስጠት የቅጂ መብትን መስጠት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው ካረፉ በኋላም ለ50 ዓመት ይጸናል። ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ደብዳቤ ካለ ለተወሰነ ዓመት ታሽጎ እንዲቆይ በስምምነቱ ያስገቡ እንጂ፣ አደራ፣ አያቃጥሉት።