ቆርኪውን አንሳ

ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ስትቆም ማንን አየህ? ራስህን? ወይስ ሌሎች «አንተ እንዲህ ነህ» ብለው የነገሩህን ሰው?

ቶሎ አትመልስ። መጀመሪያ ደቡብ ኦሞ እንውረድ።

ጂንካን አልፈህ፣ ከኦሞራቴ ዳር ዳሰነቾች ዘንድ ትደርሳለህ። አንዱ ለስላሳ ከፍቶ ይጠጣል። ቆርኪው መሬት ይወድቃል። እኔና አንተ ብንሆን ረግጠነው እናልፋለን። የዳሰነች እጅ ግን ያነሳዋል። ይበሳዋል። ከሌሎች ቆርኪዎች ጋር ይሰካዋል። የተበጠሰ የሰዓት ማሰሪያም ይጨምርበታል። መጨረሻ ላይ ምን ይሆናል? ራስ ላይ የሚደፋ፣ ሲራመዱ የሚንሿሿ ጌጥ!

አዲስ አበባ ጋለሪ ውስጥ ቢሰቀል «ሚክስድ ሚዲያ» ተብሎ ይጻፍበት ነበር። እነሱ ስም እስኪወጣለት አልጠበቁም። ሠሩት፣ ደፉት፣ አማረባቸው።

አንተስ ምን እየጠበቅህ ነው? ስቱዲዮ? ስፖንሰር? ውድ ብሩሽ?

ተው! ከጂንካ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ከተማ አለች፤ ስሟ ራሱ ቀይ አፈር ነው። በዚህ አገር ቀለም ከሱቅ አይጀምርም። ካሮዎች ነጭ አፈር፣ ቀይ አፈርና ከሰል ይዘው ገላቸውን የጅግራ ላባ ያስመስሉታል። ሐመር ሴቶች ቀይ አፈርን በቅቤ ለውሰው ፀጉራቸውን ይሠሩበታል። ቁሳቁሱ እግርህ ሥር ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። የካሮ ሥዕል ይጠፋል። ላብ ያወርደዋል፣ ወንዝ ያጥበዋል። ታዲያ ሌላ ቀን በሌላ ጥለት እንደገና ይቀባሉ። እኔ ማይንድሴት የምለው ይህንን ነው። ትናንት አበላሸህ? ታጥቧል። እንደገና ጀምር!

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ቀለምህ የቱ ነው?

እዚያው ደቡብ ኦሞ ያሉት ቦዲዎች ዘንድ ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። እዚያ አገር ልጅ ሲወለድ ሞራሬ የሚሉት የራሱ የከብት ቀለምና ጥለት ይሰጠዋል። ጃፓናዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ካትሱዮሺ ፉኩይ አብሯቸው ኖሮ ይህን በዝርዝር መዝግቦታል። ያ ቀለም የማንነቱ አካል ይሆናል። አስበው! አንተ ስንት ዓመት ኖረህ «የእኔ» የምትለውን ቀለም አታውቅም?

ጎረቤቶቻቸው ሙርሲዎችም ቀለምን የሚጠሩት በከብት መልክ ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ1980 ስለዚሁ ጉዳይ ያሳተመው ጥናት ርዕሱ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» የሚል ነው። እኔ ይህን ርዕስ እወደዋለሁ። ለምን መሰለህ? አንተም አዲስ ነገር ስትጀምር የምትሰማው ይህንኑ ነው። «እንዲህ ያለ ሥራ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ከእኛ ሰፈር አልወጣም።»

ሠዓሊውን ኤልያስ ስሜን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ። ሌሎች ሸራ ሲወጥሩ እሱ አዝራርና ክር ሰበሰበ። ቀጥሎ ከተጣሉ ኮምፒውተሮች የወጡ ሽቦዎችንና ሰሌዳዎችን ገዛ። ሽቦውን እየጎነጎነ፣ እየደረደረ፣ በትዕግሥት ግድግዳ የሚያህል ሥዕል አወጣ። ዛሬ ዓለም ያውቀዋል። ከኪዩሬተሯ መስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ ተከፈተ። እስቲ ንገረኝ፣ ከእሱ በፊት እንዲህ ያለ ከብት ነበር?

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላልፍም። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ለቱሪስት ካሜራ ተብሎ የሚጋነን ጌጥም አለ። ፎቶ ስለሚከፈልበት ነው። አልፈርድባቸውም፤ እንጀራ ነው። አንተ ግን ለላይክ የምትቀባውን ቀለምና ለራስህ የምትቀባውን ለይተህ እወቅ። አደራ!

ቁስል አለብህ? ሐዘን? የተሰበረ ልብ? ሙርሲዎች አፈርን ለውበት ብቻ አይቀቡትም፤ ከበሽታ ለመጠበቅም ሰውንም ከብትንም ይቀቡበታል። ሕመምህ ከጠናብህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ሕክምናን በአፈርም በብሩሽም አትተካ። ግን እጅህን ሥራ አታስፈታው። አፍህ ሊናገር ያቃተውን እጅህ ያውቀዋል። ቀይ ከሆነ ቀይ ቀባው። ጥቁር ከሆነም ጥቁር ይሁን። ማንም እንዲገባው አትጨነቅ።

ጂንካ ከሄድህ ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው ኮረብታ ላይ ውጣ። የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም እዚያ ነው። ግባና የአካባቢው ሰዎች እጅ የሠራውን እያንዳንዱን ዕቃ ቀስ ብለህ እይ።

መሄድ ካልቻልህስ? ዛሬ ማታ ቤትህን ዙር። ልትጥለው ያሰብኸውን አንድ ነገር ፈልግ። ቆርኪ፣ የተበላሸ ቻርጀር፣ ያረጀ የነጠላ ጥለት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስ፣ ስልክህን ሌላ ክፍል ተውና ለ20 ደቂቃ ሥራበት። ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ፎቶ አንስተህ አትለጥፈው፤ ለአንድ ወር ለአንተና ለእጅህ ብቻ ይሁን።