ጥቁር ስለ ለበሰችው ልጅ

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አጠገብ እንኖራለን። የ15 ዓመት ልጄ ጥቁር ብቻ ትለብሳለች፤ ፀጉሯን በዓይኗ ላይ ትደፋለች፤ «ኢሞ ነኝ» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ክብርት እመቤት፣ ኢሞ የተባለው የዜማ ስልት፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በዚያችው በዋሽንግተን፣ ራይትስ ኦቭ ስፕሪንግ የተባሉት ወጣቶች ፐንክ በተባለው ዜማ ቍጣ ላይ የልባቸውን ሕማምና ትካዜ ገልጠው ማዜም በጀመሩ ጊዜ የተወለደ ነውና፣ ልጅዎ በዚህ ልብስ የውስጧን ስሜት ትናገር ይሆናል። ጥቁር በእኛ ዘንድ የኀዘንተኛ ልብስ ስለ ሆነ መደንገጥዎ አያስነቅፍም፤ ነገር ግን ከመገሠጽዎ አስቀድሞ የምትወደውን ዘፈን አብረዋት ያድምጡ፤ ግጥሙንም እርሷው ትተርጕምልዎ። ሰውነቷን ብትቈርጥ ወይም ሞትን ብትመኝ ግን፣ ይህ ከልብስ የራቀ ነገር ነውና፣ ሳይቈጡ በቀጥታ ጠይቀዋት ሳይዘገዩ ለሐኪም ያሳዩአት፤ በ988 ስልክም ሌሊትና ቀን ርዳታ ይገኛል።