«መብቴ ነው» ቢለኝስ?

ጥያቄ፦ ጭሮ ሱቅ አለኝ። በከተማችን የቴሌግራም ቡድን አንድ ሰው ብሔሬን እየጠራ «ከእነሱ አትግዙ፣ ይውጡ» ይላል። ሐሳብን መግለጽ መብቴ ነው ብሎኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሰላም በሠሩበት ከተማ ይህ ስለደረሰብዎ ከልብ አዝናለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ያረጋግጣል፤ ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግርን ግን በሕግ እንዲከለከል ያደርጋል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ማነሣሣትን በእስከ ሁለት ዓመት ቀላል እስራት ወይም በእስከ 100,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። ጥቃት ካስከተለ ቅጣቱ ይከብዳል። መንግሥትን ወይም ባለሥልጣንን መተቸት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አዋጁ ለዜና፣ ለፖለቲካ ትችት፣ ለጥናት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት ከለላ ይሰጣል። ይህ ከለላ እንዳይሸራረፍ እኔም አጥብቄ እሟገታለሁ።

መልእክቶቹን ከነቀናቸው በስክሪንሾት ያስቀሩ፤ በቡድኑ ውስጥ መልስ አይስጡ። ሰውየው የሚቀርቡት ከሆነ የአገር ሽማግሌ ያነጋግረው። ዛቻ ካለበት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ክስ ከመታሰቡ በፊትም ጠበቃ ያማክሩ።