ስኳርና ዙፋን፦ የሐዋይ መንግሥት አወዳደቅ

አሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ በኢንዱስትሪ እጅግ ፈጥና አደገች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ዓ. ም. ምሥራቁንና ምዕራቡን የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ተፈጸመ፤ ምዕተ ዓመቱም ሳያልቅ በአረብ ብረት ምርት እንግሊዝን ቀደመች። ፋብሪካ ሲበዛ ገበያ መፈለግ አይቀርምና፥ የነጋዴዎቿና የባሕር ኃይሏ ዓይን ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ አቀና።

በዚያም በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር የሐዋይ መንግሥት ነበር። በ1875 በተፈረመ ውል ስኳሩ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ስለ ተፈቀደ፥ የደሴቶቹ ሀብት ከሞላ ጎደል በሸንኮራ አገዳ ላይ ተመሠረተ። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ግን የሌሎችንም አገሮች ጥሬ ስኳር ከቀረጥ ነፃ አድርጎ ለአገር ውስጥ አምራቾች ድጎማ ስለ ሰጠ፥ ሐዋይ ብልጫዋን አጣች። ከአሜሪካ ጋር መቀላቀልን የሚሹ ባለሀብቶችም በ1893፥ የአሜሪካ ባሕረኛ ወታደሮች ወደ ከተማይቱ በወረዱበት ጊዜ፥ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋን አወረዱ። በ1897 ከ21,000 የሚበልጡ ሰዎች መቀላቀሉን በመቃወም አቤቱታ ፈረሙ፤ ይሁን እንጂ በ1898 ሐዋይ ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1993 ይቅርታ ጠየቀ፤ ዙፋኑ ግን አልተመለሰም።

ኑሮውን በአንድ ሰብልና በአንድ ገበያ ላይ ያቆመ አገር፥ ዕጣውን በሌላው አገር ሕግ አውጪዎች እጅ እንደሚያኖር ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።