ስለ ፍሬን ጉድለትና እግር ስለሚያውቀው ምልክት

በእሽቅድምድም ሜዳ የሚሮጥ መኪና ከጥቂት ዙር በኋላ ፍሬኑ ይግላል፤ ዕቃ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ መኪናም እንዲሁ ነው። ከቦሌ ወደ ጎጃም ሸቀጥ የምንልክ ሰዎች ይህን ፈተና የምናገኘው ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት የድርጅታችን ፒካፕ በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ከዳው። ሾፌሩ በማርሽና በእጅ ፍሬን እንደ ምንም አቆመው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ጋራዥ አዲስ የፍሬን ሸራ ገጠመለት፤ ሒሳቡን የጻፍሁት እኔው ነኝ። በሚቀጥለው ጉዞ ያው ጉድለት ተመለሰ። «ፔዳሉ ምን ዓይነት ነበር?» ብሎ ሾፌሩን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ፔዳሉ ልል ሆኖ ወደ ታች ከሰመጠ ብዙ ጊዜ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ የእግር ኃይል እስከ ጎማው አይደርስም። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ግን የጋለው ሸራው ነው። መሪው ቢንቀጠቀጥ ዲስኩን ያስመርምሩ። (በአየር ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና የዘይቱ ነገር አይመለከተውም።) ለሁሉም በከባድ ማርሽ መውረድ ይረዳል።

የእኛ መኪና ፔዳል ልል ነበር። ዘይቱ ሲለወጥ ዳነ፤ ወጪውም ከሸራው እጅግ ያነሰ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በጉዞ መመዝገቢያው ላይ «ፔዳል፦ ልል ወይስ ጠንካራ?» የሚል መስመር ጨምሬአለሁ።